የሚያፈሰው ፓምፕና የጋሽ እንድሪስ ዝምታ

ጓዶች፣ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ልጄ ሸናብኝ።

ልጅ የለኝም!

ቆይ፣ ኮመንት ላይ አትሩጡ። ከመጀመሪያው ላውራላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ኮምቦልቻ ያለች የአንዲት ትንሽ ሆቴል ማናጀር ነኝ። ሆቴሏ ትንሽ ብትሆንም ስዊሚንግ ፑል አላት። ፑሉ ደግሞ ፓምፕ አለው። ፓምፑ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያፈስ ከረመ።

መጀመሪያ ከሥሩ ጆግ አስቀመጥን። ቀጥሎ ባልዲ። ትናንት ጠዋት የፓምፑን ክፍል ስከፍት ሁለተኛ ፑል ጠበቀኝ!

ባለፈው ሳምንት ፎቶውን ለጥፌ «ይጠገን ወይስ ይቀየር?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። «ቀይሪው!» ብላችሁ የጮኻችሁ ሁሉ እዚህ ናችሁ? ውርደቱን እኩል እንካፈላለን።

ፑሉን የሚይዙት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሆቴሏ ከተከፈተች ጀምሮ ያሉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። «ልጄ፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ጎሚኒው ነው የሄደው» አሉኝ። ጎሚኒ ማለት ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት ነው። በቃ፣ ቀለበት!

እኔ ግን ዩቲዩብ አይቻለሁ። ሁለት ቪዲዮ!

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄ ፓምፕ ሞቷል። በደንብ ቢያዝ ኖሮ ደግሞ እዚህ አይደርስም ነበር» አልኳቸው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት።

እሳቸው ጎንበስ ብለው ባልዲውን አንስተው ሊደፉ ወጡ።

ለሆቴሏ ባለቤት ለእትዬ ጥሩሴት ደወልኩ፤ እሳቸው የሚኖሩት ደሴ ነው። አዲስ ፓምፕ እንደሚያስፈልገን ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«እኔን የሰለቸኝ ፓምፑ ሳይሆን ፑሉ ነው! አፈር አስሞልቼ ወንበር እደረድርበታለሁ።»

ያኔ ደነገጥኩ። ፑሉ ከተደፈነ ጋሽ እንድሪስ ምን ሊሠሩ ነው? «እባክዎ፣ መጀመሪያ ባለሙያ ላሳየው» ብዬ ለመንኳቸው። እውነቱን ልናገር? ባለሙያው «ሞቷል» እንዲልልኝ ነበር የፈለግኩት። ከኔ አፍ ባያምኑ ከሱ አፍ አምነው አዲስ ይገዛሉ ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ፓምፑን ፈተው ሰጡኝ። ዝገቱ ልብሴን እንዳይነካኝ በሆቴሉ ነጭ ፎጣ ጠቀለልኩትና እቅፍ አድርጌ የደሴ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

አንዲት እናት ፈጥነው ተጠጉልኝ። «ነይ እናቴ፣ እዚህ ተቀመጪ። ተኝቷል?»

«አዎ» አልኩ።

ለምን አዎ አልኩ? እኔም አላውቅም! ሰው እያየኝ ነበር፣ ፓምፕ ነው ማለት አሳፈረኝ!

«ማሻአላህ። አላህ ያሳድገው።»

«አሚን።»

የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ስንወጣ፣ አንዱ ኩርባ ላይ ፓምፑ ዘመም አለ። ሆዱ ውስጥ የቀረው ውሃ በሙሉ መጀመሪያ በኔ ቀሚስ፣ ከዚያ በእናትየዋ ጉልበት ላይ ወረደ።

«ኧረ ልጁ ሸና!» አለ ከኋላ አንዱ።

«አብሽሪ፣ የልጅ ሽንት ምን አለበት» አሉኝና ሊያደራርቁልኝ ፎጣውን ገለጥ አደረጉት።

ብረት።

ሚኒባሱ ሾፌሩ ሳይቀር በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሳቁት እናትየዋ ነበሩ፤ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ «አባቱን ነው የመሰለው?» ይሉኛል! እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ግን ይሄን ስሙ። ደሴ ስንደርስ ጥለውኝ አልሄዱም። በዚያ በራሰ ቀሚሳቸው ፓምፑን በአንድ በኩል ይዘውልኝ፣ የሰኞ ገበያን ሰው መንገድ እያስለቀቁ እስከ ጠጋኙ ሱቅ ድረስ አደረሱኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። እማማ፣ ይሄን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ!

ጠጋኙ ሐጂ ኑሩ ይባላሉ። ፓምፑን ከፍተው ገለበጡት፣ በባትሪ አዩት። እኔ «ሞቷል» የምትለዋን ቃል እየጠበቅኩ ነው።

«ማነው ይሄን የሚይዘው?» አሉኝ።

«አንድ ሽማግሌ ናቸው» አልኩ፤ በሳቸው ላይ ለማማረር ተዘጋጅቼ።

«እጃቸው ይባረክ። የስንት ዓመት ፓምፕ ውስጡ እንደ አዲስ ነው። የሄደው ጎሚኒው ብቻ ነው።»

ከዚያ የጠቆረችውን ቀለበት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ግን ያለ ውሃ አስነስታችሁታል። ይኸው፣ ተቃጥሏል።»

ያለ ውሃ?

ወይኔ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ እንድሪስ ለቅሶ ኩታበር ሄደው ነበር። ሲሄዱ ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ዘግተው «እስክመለስ እንዳትነኪው» ብለውኛል። እንግዶች መጡ። ውሃው ሲንቀሳቀስ ፎቶ መነሳት ፈለጉ። ማናጀር ነኝ አይደል? ማብሪያውን ተጫንኩ። ፓምፑ ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ጮኸ።

እኔ ምን አደረግኩ? ሙዚቃውን ከፍ አደረግኩት!

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ነው ያጠፋሁት። ማፍሰስ የጀመረው በማግሥቱ ነው። ስወቅሳቸው የከረምኩት ደግሞ ጋሽ እንድሪስን!

ሐጂ ኑሩ ሻዬን ሳልጨርስ አዲስ ጎሚኒ ገጠሙለት። ጠቅልለው ሰጡኝና «በሉ፣ እኒያ ሽማግሌ ሳይኖሩ አትንኩት» ብለው መርቀው ሸኙኝ።

ከዚያ በቀጥታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እትዬ ጥሩሴት ቤት። ከደጃፉ ሁለቴ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ገብቼ፣ ሳልቀመጥ፣ «እትዬ፣ ፓምፑ ተጠግኗል። ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ? እንድሪስ ደውሎ 'ዕድሜ ነው፣ የማንም ጥፋት የለበትም፣ ልጅቷን እንዳይቆጧት' ብሎኝ ነበር እኮ።»

ያኔ ተቀመጥኩ።

እትዬም ትንሽ አሰቡና «እንዲህ የሚጠብቀው ሰው እያለ ምን ብዬ እደፍነዋለሁ? ይቆይ» አሉ። ተመስገን!

ኮምቦልቻ ስመለስ ጋሽ እንድሪስ ፓምፑን ገጥመው አስነሱት። አንዲት ጠብታ የለም። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ያያሉ። በነሱ ፊት እንዳዋረድኳቸው በነሱ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አፉ ይበሉኝ፤ ይቅርታ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ከለቅሶ ስመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ብትባረሪ ሌላ ማናጀር ይመጣል። አንቺን ለማላመድ ራሱ ስንት መከራ አይቻለሁ!»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ትንሽም አለቀስኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «አፉ ብያለሁ ልጄ» አሉኝ።

ይኸው አሁን ፑሉ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። እሳቸው ወዲያ ማዶ ቅጠል ይለቅማሉ።

እናንተ ግን ንገሩኝ፤ ጥፋታችሁን እያወቀ ዝም ብሎ የሸፈናችሁ ሰው ስንት ነው? እኔ ዛሬ አንዱን ደረስኩበት። ያልደረስኩባቸው ስንት እንደሆኑ ሳስብ እያላበኝ ነው!