የኮሌጅ ዋጋ ክርክር

ዋጋ የማይከራከር ሰው ጭሮ ከተማ ውስጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔስ አላየሁም! ከሂርና ጫት እያመጡ የሚነግዱት ጎረቤቴ ኦቦ ጅብሪል ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ዘንድሮ ልጃቸውን ፈቲያን ነርሲንግ ሊያስመዘግቡ ኮሌጅ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። የያዙት ብር የሚበቃው ለአምናው ክፍያ ብቻ ነበር።

«ክፍያው ጨምሯል፣ አባባ» አለች መዝጋቢዋ።

«ጫት እንኳ ከሰዓት ይረክሳል! ከሰዓት እንመለስ?»

ፈቲያ አፍራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እሳቸው ግን ወደተሰለፉት ወላጆች ዞሩ። «ስንት ነን? አስራ አንድ! በጅምላስ ስንት ነው?»

ሰልፉ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። የኮሌጁ ዲን ጫጫታውን ሰምተው ወጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ እሳቸውም ሳቁ። «በቃ፣ ሁላችሁም በአምናው ዋጋ ተመዝገቡ!»

ኦቦ ጅብሪል መች ሊበቃቸው!

«ምርቃትስ የለውም?»

«አለው እንጂ» አሉ ዲኑ፣ «ከአራት ዓመት በኋላ!»