የታምራት ድንጋይ እና አሥራ አንደኛው ረቂቅ

በሕይወት ሳለ «አንተ» ስንለው የኖርነውን ሰው በሞተ ማግስት «ክቡር» እንለዋለን። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቡርንስቪል ከተማ ይኖር የነበረው ወዳጃችን ታምራት ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አምና አረፈ። እድራችንም እንደ ልማዱ የመቃብሩን ጽሑፍ የሚያረቅ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ወርቁ «በአገር ቤት የቀበሌው እግር ኳስ ቡድን አምበል» የሚለው ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ሌላው አባል ደግሞ ታምራት ሹፌር መባሉን አልወደደም፤ «የትራንስፖርት ባለሙያ» ይባልልኝ አለ። ዓመቱ ሲሞላ አሥራ አንደኛው ረቂቅ ላይ ነበርን፤ ድንጋዩ ግን ባዶውን ቆሟል። ሴት ልጁ ሐና በየሳምንቱ መካነ መቃብሩ እየሄደች አባቷን በመደዳና በቁጥር ትፈልገዋለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፤ ስለዚህ እኛን ትጠብቃለች። ማፈር የነበረብኝ ያኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሴንት ፖል ወዳለ ሙዚየም ይዛኝ ሄደች። የጥንት አይሁድ የአፅም ሣጥኖች ከኢየሩሳሌም መጥተው ይታያሉ፤ ከኖራ ድንጋይ የተፈለፈሉ፣ ቁመታቸው ከሻንጣ የማይበልጥ። ሟቹ በተቀበረ በዓመቱ ግድም ዘመዶቹ አፅሙን ለቅመው እዚያ ያኖሩት ነበር አሉ። እስቲ ልብ በሉ፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ቀበሩ፣ እኛ በዓመት አንድ ስም አልጻፍንም።

በአንዱ ሣጥን ጎን በሚስማር የተጫረ የሚመስል ጠማማ የዕብራይስጥ ጽሑፍ አለ። ሐና ከአጠገቡ የተለጠፈውን የእንግሊዝኛ ትርጉም አነበበችልኝ። «አባታችን ስምዖን» ይላል። በቃ።

«ጋሼ፣ ማነው የጻፈው?»

«ልጆቹ ይሆናሉ።»

«ሲሪየስሊ? ኮሚቲ የላቸውም?»



በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ቤቴ መጣች፤ «ፊደል አሳየኝ» አለችኝ። በሁለት ሳምንት «አባዬ ታምራት» ብላ ጻፈች፤ «ራ» ትንሽ ዘመም ብላለች። ወስዳ የሰጠችው ድንጋይ ቀራጭም የእጅ ጽሑፏን ሳያቃና እንዳለ ቀረጸው።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ያለ ፈቃድ! ያለ ማዕረግ! አንዱ «ይነቀል» እስከ ማለት ደረሰ። ጋሽ ወርቁ ግን በስልኬ ያነሣሁትን የድንጋዩን ፎቶ በጣታቸው እያሰፉ ማየቱን ያዙ። እኔም የውግዘቱን ቃል ልመዘግብ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሰው ሲበተን ጋሽ ወርቁ ጠጋ አሉኝ።

«ለመሆኑ ሐና ፊደሉን በስንት ቀን ነው የለመደችው? የኔ ልጅ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድም ፊደል አይለይም። ይደርስልኝ ይሆን?»

ይህን በቃለ ጉባኤው አላሰፈርኩትም።