ጋሼ ሙሉጌታን ልጥል ተነስቼ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ።

ሁለቱም ይገባኛል። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ምክንያቱም አሁን ይህን ስጽፍ አንድ ንጹሕ ሰው በእኔ ጥፋት እየተሰደበ ነው።

በጥድፊያ የምጽፈው ስለሆነ ታይፖ ካያችሁ እለፉት።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እንደምታውቁት ለካውንስል፣ ማለትም ለአካባቢው ምክር ቤት፣ ልወዳደር ነበር። (ካላወቃችሁ ሰሞኑን ሁሉ ፖስቶቼን እየዘለላችሁ ነበር ማለት ነው፤ ተቀይሜያለሁ።) ለካውንስል የሚወዳደር ሰው ግን መጀመሪያ እዚያው ፓርቲው ውስጥ ማሸነፍ አለበት። ፕሪሴሌክሽን ይሉታል። የሰፈሩ የፓርቲ አባላት ተሰብስበው በእኛ ስም የሚቀርበው እገሌ ይሁን ብለው ይመርጣሉ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ፓርቲያችን ያቀረበው ሰው ተሸንፎ አያውቅም። ስለዚህ ዋናው ምርጫ የዛሬው ነበር።

ተፎካካሪዬ ማን መሰሏችሁ?

ጋሼ ሙሉጌታ።

አዎ፣ ራሳቸው!

እዚህ ሜልበርን፣ ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ለማትኖሩ፦ ጋሼ ሙሉጌታ እኔ እዚህ አገር ሳልመጣ ጀምሮ ካውንስለር ናቸው። ፕሪሴሌክሽን በመጣ ቁጥር ሊቀመንበሯ ሌላ ተወዳዳሪ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያያል፣ ይጨበጨባል፣ ብስኩት ይበላል፣ ወደየቤት ይኬዳል። ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም የፊተኛው ወንበር የእሳቸው ነው። ግማሹ ሐበሻ ቤት የተከራየው በእሳቸው ሬፈረንስ፣ በእሳቸው ምስክርነት ነው።

እኔንም ከኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ተማሪ ሆኜ ስመጣ የሜልበርንን ብርድ ማንም አልነገረኝም ነበርና በስስ ሹራብ ስወርድ፣ ጃኬታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። የዚያን ቀን በብርድ እየተንቀጠቀጡ መኪና የነዱ ሰውዬ ናቸው።

ታዲያ ምን ነካሽና ተነሳሽባቸው ትሉ ይሆናል።

እትዬ ዘነበች ናቸው ምክንያቴ።

እትዬ ዘነበች ጎረቤቴ ናቸው። አትክልት ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የጧት ሺፍት ይሠራሉ። ከእኛ ሰፈር ወደ ፋብሪካዎቹ የሚያቋርጠው የእግር መንገድ ወንዙን ተከትሎ በፓርኩ ውስጥ ያልፋል፤ አንድም መብራት የለውም። ሊነጋጋ ሲል እንኳ ብትሄዱ የራሳችሁን እግር አታዩም። ባለፈው ክረምት እዚያ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ከመውደቃቸው በፊትም ከወደቁ በኋላም ለጋሼ ሙሉጌታ አመልክተዋል። መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ ጉዳዩን ይዘነዋል።

አንድ ቀን እትዬ ዘነበች በጄሶ እጃቸው ሻይ ሲቀዱልኝ እያየሁ፣ ከአፌ አመለጠኝ። እኔ እወዳደርና መብራቱን አስገባለሁ አልኳቸው።

እሳቸውም ሳያመነቱ የፓርቲው አባል ሆኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸሹትን ፖለቲካ ገቡበት!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ጓደኛዬ ወንድወሰን ራሱን ካምፔይን ማናጀር አድርጎ ሾመና ቤት ለቤት አዞረኝ። ሰው ሁሉ አለንልሽ ይላል። በር ልንወጣ ስንል ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለጋሼ ግን ነግረሻቸዋል?" ይላል።

አልነገርኳቸውም!

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ጋሼ፣ ልጥልዎት ነው ልበላቸው?

በመጨረሻ ከሰው ሰምተው ራሳቸው ደወሉ። ስልኩ ላይ ስማቸውን ሳይ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ብቻዬን ቤቴ ውስጥ። "ሰማሁ፤ በርቺ" አሉኝና ዘጉት።

ያቺን በርቺ ስንት ቀን እንዳመነዠኳት አትጠይቁኝ። በርቺ የምር ነው? ወይስ ታገኚያታለሽ ማለት ነው? ወንድወሰንን ጠየቅሁት፣ እንደ ድምፁ ነው አለኝ። ድምፁን ላስመስል ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ደረሰ። ዛሬ ከሰዓት፣ የኮሚዩኒቲ አዳራሹ ውስጥ።

ከጋሼ ሙሉጌታ ቀድሜ ገብቼ የፊት ወንበር ያዝኩ። ወንድወሰን በራስ መተማመንሽን አሳዪ ብሎኛል። እሳቸው ትንሽ ዘግየት ብለው ሲገቡ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሐበሻ በሙሉ ብድግ አለ። ነጮቹ አባላት ብሔራዊ መዝሙር ሊዘመር ነው መሰላቸው፣ እነሱም ግራ እየተጋቡ ተነሱ።

ከሁሉም ቀድሞ ብድግ ያለው ማነው? እኔ!

ብድግ ማለት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ሌላ ወንበር ስላልነበረ የሕፃናት ጥግ ካለው ትንሽ የፕላስቲክ በርጩማ አምጥቼ ጎናቸው ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል። ለስልጣን የምፎካከራቸውን ሰው አንጋጥጬ ነው የማያቸው።

ይሄ ገና ምኑ ነው።

ሊንዳ የምትባለው ሊቀመንበራችን ተነስታ ሁለት ሰዎች እንደተጠቆሙ ተናገረች። ወደ እኔ ዞራ "ዱ ዩ አክሴፕት ዘ ኖሚኔሽን?" አለችኝ። ጥቆማውን ትቀበያለሽ ወይ ነው።

የመለስኩትን ታምናላችሁ?

"ኖ፣ ኖ። ዜር አር ሜኒ ፒፕል ቤተር ዛን ሚ።"

አይ፣ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ሰዎች አሉ ማለት ነው። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም!

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ቤት ብዪ ሲባል፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት አይባልም? እየራበሽም ቢሆን? ስብሰባ ላይ የተጠቆመ ሰውም ኧረ እኔ አልችልም፣ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል ይላል። ከዚያ ቤቱ ኧረ አንቺው ነሽ እያለ ይለምናል። ትንሽ ተሽኮርምሞ፣ እንግዲህ ካላችሁ ተብሎ ይገባበታል። እናቴ የእድራችን ሰብሳቢ የሆነችው ስንት ተለምና ነው።

ሊንዳ ግን አትለምንም።

ሊንዳ "ኦኬይ፣ ታንክ ዩ" አለችና አልተቀበለችም ብላ ጻፈች።

ዞር ብዬ ወገኖቼን አየሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ኧረ አንቺው ነሽ ይበለኝ! ግን በጋሼ ሙሉጌታ ፊት ማን ደፍሮ? ሁሉም ጫማውን ያያል። ወንድወሰን ጭንቅላቱን ይዟል። እትዬ ዘነበች እንግሊዝኛው ስላመለጣቸው፣ ጎናቸው ያለችውን ሴት ምን አለች እያሉ ይጠይቃሉ።

አለቀ አልኩ። መብራቱ ጠፋ፤ ለነገሩ በርቶም አያውቅ።

ይሄኔ ጋሼ ሙሉጌታ እጃቸውን አወጡ።

"ሊንዳ፣ ይህች ልጅ እምቢ አላለችም" አሉ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብለው። "በእኛ አገር የመጀመሪያው አይሆንም ጨዋነት ነው። እንደገና ጠይቂያት።"

አዳራሹ ሳቀ። ሊንዳ ቀላች፣ ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ጠየቀችኝ። እኔም የስ አልኩ፤ ድምፄ ግን የድመት ሆኖ ነው የወጣው።

አሁን እስቲ ንገሩኝ፣ እንዲህ ያደረገን ሰው እንዴት አድርጎ ነው ሰው የሚፎካከረው? ደግነት ነው? ፖለቲካ ነው? እስካሁን አላወቅሁም። ሁለቱም ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ያልነካቸው።

ንግግር ለማድረግ ሦስት ሦስት ደቂቃ ተሰጠን። እኔ በምስጋና ጀመርኩ። ጋሼ ሙሉጌታ ለዚህ ሕዝብ የዋሉትን ሳልጠቅስ ወደ ጉዳዬ መግባት ነውር መስሎ ተሰማኝ። ኤርፖርቱን አወራሁ፣ ጃኬቱን አወራሁ፣ ሬፈረንሱን አወራሁ። ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደወሉ ሲጮህ ስለ መብራቱ የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱንም እየሮጥኩ ነው የተናገርኩት።

ጋሼ ተነስተው "ከልጄ በላይ የምጨምረው የለኝም" ብለው ተቀመጡ።

በቃ! ያ ነው ንግግራቸው!

ከዚያ ድምፅ መስጠት። በካርቶን የተከለለች ጥግ፣ በገመድ የታሰረች እርሳስ። ወረቀቱ ላይ የሁለታችን ስም አለ። እዚህ አገር እንደምታውቁት ምልክት ብቻ አይደረግም፤ ቁጥር ነው የሚጻፈው። ለምትመርጡት አንድ፣ ለሌላው ሁለት።

አሁን ነው የምናዘዘው። ቁጭ በሉ።

እርሳሱን አነሳሁ። ለራሴ አንድ ልጽፍ። ለጋሼ ሙሉጌታ ሁለት።

ጋሼን ሁለተኛ ልል? እሳቸው ቆመው እያዩ ቀድሜያቸው በር የምገባ መሰለኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ማንም አያየኝም እኮ፤ ካርቶን ውስጥ ነኝ። ይሉኝታዬ ግን አብሮኝ ገብቷል። አሁን ያተረፉኝ ሰውዬ ናቸው። ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ አለንልሽ ብሎኛል፤ የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትጨምራለች ብዬ አሰብኩ።

ለጋሼ አንድ ጻፍኩ። ለራሴ ሁለት።

ልቤ ቅልል አለው። እንዲያውም በራሴ ኮራሁ፤ ጨዋ ነሽ አልኩ ለራሴ።

ተቆጠረ።

በአንድ ድምፅ ተሸነፍኩ።

በአንድ! ያቺን ድምፅ ከእሳቸው ላይ ውሰዱና ለእኔ ስጡኝ። ማን አሸነፈ? አያችሁ አይደል? እኔም እዚያው ቆሜ ነው ያሰላሁት፣ እንኳን ደስ ያለዎት እያልኩ ትከሻቸውን እየሳምኩ።

ፓርኪንግ ሳንደርስ የደጋፊዎቼ ግሩፕ ቻት ተቃጠለ። ከመሃላችን አንድ ከሃዲ አለ፣ ማነው? አንዷ ወንድወሰን ለጋሼ ሻይ ሲያቀርብላቸው በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ጻፈች። ሽማግሌ ናቸው፣ ሻይ አቀረበላቸው! ወዲያው ሁሉም ወረደበት። ገንዘብ ተቀብሎ ነው ያለም አለ።

እኔ ምን ጻፍኩ?

"ያሳዝናል።" ከሚያለቅስ ፊት ጋር።

ላይኩ ጎረፈ።

ያን ለጥፌ እትዬ ዘነበችን በመኪናዬ ወደ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸው መስኮቱን እያዩ ቆዩና "ማን ይሆን አንጀቱ የጨከነው?" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ የምር መጠየቃቸው ነው። ያቺ የተሰበረች እጃቸው ጭናቸው ላይ ናት፤ ድና እንኳ አሁንም በደንብ አትታጠፍም። አልቻልኩም። መኪናውን ዳር አቁሜ ነገርኳቸው። ካርቶኑን፣ እርሳሱን፣ አንድና ሁለቱን፣ ሁሉንም። አለቀስኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እትዬ ዘነበች ሶፍት አቀበሉኝ።

"ጋሼ ሙሉጌታ ደግ ሰው ናቸው። እኔም እወዳቸዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ግን መንገዱን በጨለማ የሚሄዱት እሳቸው አይደሉም።"

ቢቸግረኝ፣ ከነገ ጀምሮ በመኪና ላድርስዎት አልኳቸው።

"መኪናሽን ምን ላደርገው? እኔን ብቻ ልታደርሺኝ ነው? ስድስት ሴቶች ነን በዚያ የምንሄደው" አሉ። "ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከደጄ ትቆሚያለሽ። በስልክሽ ታበሪልናለሽ። መብራቱ እስኪገባ ድረስ።"

እየሳቁ መስሎኝ አየኋቸው።

አልሳቁም።

ስለዚህ ወንድወሰንን ተዉት፤ እባካችሁ። እኔ ነኝ። ግሩፑ ላይም ይህንኑ ለጥፌያለሁ፤ እስካሁን የመለሰልኝ ሰው የለም።

ጋሼ ሙሉጌታ ይሸነፋሉ ወይ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ሁሉ፦ ይሸነፋሉ። ድምፁ ነበረ። የፓርቲውን አባል በሙሉ ዞሬ ቀስቅሻለሁ፤ አንዲት ሴትዮ ብቻ ነች ያልተቀሰቀሰችው፣ እሷም ፎቶዋ የቅስቀሳ ፖስተሬ ላይ አለ።

ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ፣ አላርሙን ሞልቻለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ከስድስቱ ሴቶች አምስቱ አያውቁኝም። ነገ በጨለማ መንገድ ላይ ቆሜ ሲያገኙኝ ማነሽ አንቺ ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ካውንስለራችሁ ልሆን ነበር ልበል፣ ወይስ የመንገድ መብራት ነኝ?