ሙሴ ጊልዳስ ፊልሙን አንብበውታል

ፊልም የሚያይ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ፊልም የሚያነብ ግን ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው የሚመደበው። ሁለት ከሆኑ አንዱ ሰፈር መልቀቁ አይቀርም። ፈረንሳይ አገር፣ ናንት ከተማ ውስጥ ከሎዋር ወንዝ ማዶ ላለነው ለእኛ የደረሱን ክቡር ሙሴ ጊልዳስ ለጎፍ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ነዋሪ፣ የአንገት ልብሳቸውን በነሐሴ ሙቀት እንኳ የማያወልቁ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉ ሰው።

ወር በገባ ቁጥር ጋዜጣ መሸጫው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ያን ወፍራሙን፣ ፎቶው ትንሽ፣ ፊደሉ ጥቃቅን የሆነውን የፊልም መጽሔት ነው። እንደ ተቀበሉ ገለጥ አድርገው መሃሉን ያሸቱታል። ከዚያ ብብታቸው ሥር ወሸቅ ያደርጉትና፣ ርእሱ ለአላፊ አግዳሚው መታየቱን አረጋግጠው ወደ ኤርቬ ዳቦ ቤት ያቀናሉ። የእኛ መከራ የሚጀምረው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው።

«ሙሴ ጊልዳስ፣ አዲሱን ፊልም አዩት?» ይላል አንዱ የዋህ።

«አላየሁትም፤ ግን አንብቤዋለሁ።»

«እና ጥሩ ነው?»

«ጥያቄው እሱ አይደለም።»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ነግረውን እስኪጨርሱ ዳቦው ይቀዘቅዛል። ካሜራው ለምን ከበሩ ውጭ እንደ ቀረ፣ ዝምታው ለምን እንደ ረዘመ፣ ዳይሬክተሩ በስተርጅና እንዴት እንደ ከዳን፣ ሁሉም በየተራ ይብራራል። ኤርቬ ዱቄት የነካ እጁን እያራገፈ «ሰው እየጠበቀ ነው እኮ» ሲላቸው «መጠበቅ ጥሩ ነው ኤርቬ፤ ሲኒማ ማለት መጠበቅ ነው» ይሉታል።

እኔ በበኩሌ የምወደው የሚያስቅ የፍቅር ፊልም ነው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝቻቸው፣ አንዱን አይቼ እንባዬ እስኪፈስ እንደ ሳቅሁ ነገርኳቸው። ቆም ብለው በሐዘኔታ አዩኝና «አይዞዎት ማዳም አኒክ» ብለው ወደ ላይ ወጡ።

የሰፈራችን ሲኒማ እሁድ እሁድ ከሰዓት ፊልም አሳይቶ ያወያያል። የመጀመሪያው ቃል የሙሴ ጊልዳስ ነው፤ ይህን የጻፈው ሰው የለም፤ የጣሰውም የለም። አንድ እሁድ ታዲያ የተባለው ፊልም ሳይደርስ ቀረና ሌላ አሳዩን። ለውጡ ሲነገር እሳቸው ገና ደጅ ቆመው መጽሔታቸውን ይጨርሳሉ። ገብተው ሲቀመጡ ደግሞ፣ እንደ ልማዳቸው «መጀመሪያ ድምፁን ልስማ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁን የሚሰሙት እያንኮራፉ ነው።

መብራት ሲበራ ተነሡና ስላልታየው ፊልም አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ፤ በተለይ ስለ በረሃው ብርሃን። እኛ ባየነው ፊልም ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝናብ ነው የሚዘንበው። ያረማቸው ግን አልተገኘም። እንዲያውም ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ «ስለ ብርሃኑ ያሉት ለእኔም ተሰምቶኝ ነበር» አለች። እኔም ራሴን ሳልነቀንቅ አልቀረሁም።

በዚህ ሁሉ ስንስቅ ኖረን፣ ባለፈው ጸደይ ነገሩ የማያስቅ ሆነ። የኤርቬ ልጅ ኖልዌን ፓሪስ ሄዳ ስንት ዓመት ተንከራትታ የመጀመሪያ ፊልሟን ሠራች፤ ሎዋር ላይ ሰው በጀልባ ስለምታሻግር ሴት ነው። በሰፈራችን ሲኒማ እሁድ ሊታይ፣ እሷም ልትመጣ ተወሰነ። በዚያው ሳምንት መጽሔቱ ወጣ። ለፊልሟ ኮከብ የለም፤ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ውጤት፣ ጥቁር ነጥብ አድርገውባታል። ከሥሩም «ካሜራው እንደ ሰነፍ ተሳፋሪ ተቀምጦ ይቀራል» የሚል ነገር ጽፈዋል። መጽሔቱን ነክቶ የማያውቅ ሰፈር በሙሉ ያን ገጽ ጋዜጣ መሸጫው ውስጥ ቆሞ አነበበ።

ሙሴ ጊልዳስ መጽሔታቸው ካለው ፈቀቅ ብለው አያውቁም። በማግስቱ ዳቦ ቤት ሲገቡ ኤርቬ ከመደርደሪያው ኋላ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

«ሙሴ ጊልዳስ፣ ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ስልክ ላይ ታለቅሳለች። በሰፈሯ ሰው ፊት ደግሞ ከተደገመባት ካሜራ የምትነካ አይመስለኝም። እባክዎ፣ እሁድ ትንሽ ቢታመሙልኝስ?»

«ጥያቄው እሱ አይደለም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ወጥተው ሄዱ፤ ዳቦአቸውንም ረሱ።

እሁድ አልታመሙም፤ መጡ። ሁላችንም መጀመሪያ ያየነው ብብታቸውን ነው። ባዶ ነበር። ፊልሙን በቅጡ አላየሁትም፤ ሳይ የነበረው እሳቸውን ነው። ዓይናቸውን አንድ ጊዜም አልጨፈኑም።

መብራት በራ። ኖልዌን ከፊት ቆማ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሙሴ ጊልዳስ የአንገት ልብሳቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ይህን ፊልም አንብቤው ነበር» አሉ። ኤርቬ አቀረቀረ። «ዛሬ ደግሞ አየሁት። ካሜራው እንደ ሰነፍ ተሳፋሪ ተቀምጦ ይቀራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ተቀምጧል። ግን ጀልባ ላይ ተሳፋሪ ምን ያድርግ ነው የሚሉት? ወንዝ ውስጥ ይዝለል?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ገና መጀመራቸው ነበር። ጂኦግራፊያቸውን ሁሉ አወጡት። ባሕሩ ሲሞላ ወንዙ ወደ ኋላ እንደሚገፋ፣ ሴትየዋ ከንፈሯን የምትነክሰው በዚያ ሰዓት እንደሆነ፣ ይህን ለማየት መቀመጥ ግድ መሆኑን ተነተኑ። እኔ ከንፈሯን መንከሷንም አላየሁም። አውቶቡስ ያመለጠው አመለጠው፤ እንቅልፍ የጣለውም አልታጣም። ስለ አንድ ፊልም እንዲህ ለረጅም ጊዜ፣ እንዲህ አሰልቺ ሆኖ፣ እንዲህ ከልብ የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሲጨርሱ ኖልዌን ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሙሴ ጊልዳስ፣ ያቺ ጥቁር ነጥብ አንጀቴን አሳርራዋለች፤ አልዋሽዎትም። ግን ልጅ ሆኜ ዳቦ ቤት ውስጥ የቤት ሥራዬን የምሠራው እርስዎ ሰልፉን አስቁመው ሲያወሩ እየሰማሁ ነበር። እኚህ ሰውዬ በዓይናቸው ላላዩት ሰው ሥራ እንዲህ ይጨነቁለታል፤ እኔም አንድ ቀን አንድ ነገር ሠርቼ ይጨነቁልኝ አልኩ። የጀመርኩት በዚያ ነው።»

«ጥያቄው…» አሉና መሐረባቸውን እየፈለጉ ተቀመጡ።

ወር ሲገባ ጋዜጣ መሸጫው በር ላይ አገኘኋቸው። «ከመጽሔቱ ጋር ተጣልታችሁ የለም እንዴ?» አልኳቸው። «ታዲያ ካላነበብኩት በምን እጣላዋለሁ?» አሉኝ። እኔም አንድ ገዛሁ። ግማሹ አልገባኝም፤ ግን አንድ ካሜራ የት እንደ ቆመ እንቅልፍ አጥተው የሚጽፉ ትልልቅ ሰዎች መኖራቸው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ።

ባለፈው እሁድ ሙሴ ጊልዳስ የምር ታመሙና ሲኒማ ቀሩ። ያለ እሳቸው የመጀመሪያውን ቃል የሚደፍር ጠፍቶ ሳንወያይ ተበተንን። ማታ ሾርባ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

«ፊልሙ እንዴት ነበር፣ ማዳም አኒክ? ጥሩ ነው?»

«ጥያቄው እሱ አይደለም» አልኩና ወንበር ሳብኩ። ሾርባው ቀዘቀዘ።