ዜናሁ ለአቶ ምንያህል ዘአያት፣ ታማኝ አትክልተኛ ስለ መቅጠራቸው

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ባቡሩ አያት በደረሰ በሦስተኛው ወር፣ ውኃ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ በሚነግሥበት፣ መብራትም ደስ ባለው ጊዜ በሚገባበት ዘመን፣ አቶ ምንያህል የቤታቸውን ካርታ በተቀበሉ በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ ሣሩ ደረቀ።

እኒህም አቶ ምንያህል የሥራ ሂደት ባለቤት፣ የክብ ማኅተምና የቲተር ጌታ፣ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ፣ የመቶ ሰባ አምስት ካሬ ሜትር ገዥ፣ ከብረት በሩ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ድረስ የሚፈሩና የሚከበሩ ሲሆኑ፣ በመሥሪያ ቤታቸው ለሻይ በተሰበሰበው ሁሉ ፊት «እኔ ግቢዬን ለሰው እጅ አልሰጥም፤ ቅዳሜና እሑድ ራሴ ነኝ የምኮተኩተው» እያሉ ሰባት ዓመት ሙሉ ያወጁ ናቸው። መኮትኮቻው ግን በተገዛበት ጋዜጣ እንደ ተጠቀለለ ነበር።

የሣሩ መድረቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ዜና ባልተጻፈ። ነገር ግን አንዲት ልጃቸው ሄለን፣ ባንክ የምትሠራው፣ ገመቺስ የሚባል የሥራ ባልደረባዋን ወድዳ፣ የልጁ ሽማግሎች የካቲት ሃያ ቀን እሑድ ሊለምኑ እንደሚመጡ ለቤቱ ተነግሮ ነበር። እርሷም የአባቷን የሻይ ሰዓት ዐዋጅ አንድም ሳትቀንስ ለልጁ ወገን አስተላልፋ ነበርና፣ በበረንዳው ላይ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ዳዲ፣ ፕሊስ! ጋርደን አለን ብያለሁ። ራሱ ነው የሚሠራው ብያለሁ። አሁን ይሄን ምን ልበላቸው? ፓርኪንግ ነው?»

የቁልፎች ሁሉ እመቤት ወይዘሮ ዘውድነሽም ከወጥ ቤት ብቅ ብለው ልጃቸው አንድ ናትና በዚህ ምድረ በዳ ላይ አትለመንም ሲሉ ጨመሩበት።

አቶ ምንያህል ይህን በሰሙ ጊዜ ሠራዊታቸውን አስከተቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ነበሩ፦ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከነ ጃንጥላቸው፣ ዘበኛው ባፈና ከነ ሬዲዮው፣ ውሻው ቦቢ ከነ ሰንሰለቱ፤ ሰንሰለቱም አጭር ስለ ነበር ቦቢ በሩ ላይ ቀረ። በዚህም ሁኔታ ዘምተው፣ ከታክሲ ተራው ጎን በአንዲት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ችሎት ወደሚያስችለው ወደ ደላላው ወደ ጀይላን ደረሱ። ጀይላንም ሳይነሣ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ተራ ሰው የለም! ኤምባሲ የሠራ ነው የምሰጥዎት። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ አልቅሶ ነው የተለየው፤ ሌላ ምን ልበልዎት!»

ፊተኛው አትክልተኛ መጥቶ የተረፈውን ሣር በማጭድ እስከ ቆዳው ላጨው። ሁለተኛው መጥቶ ጽጌረዳውን በሙሉ ነቅሎ አረሙን በክብር አጠጣው። ሦስተኛው ከሁሉ ጨዋ ነበረ፤ ከጥላው ሥር እስከ ቀትር ከተኛ በኋላ የሃያ ሜትር የውኃ ጎማ በወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ከላይ ካፖርት ደርቦ፣ ለዘበኛው ደኅና ዋል ብሎ ወጣ። ባፈናም በአንድ ቀን ይህን ያህል መወፈሩን አይቶ የቤቱን ምግብ በልቡ አደነቀ። ጀይላን ስለ ሦስቱም በተጠየቀ ጊዜ የሰጠው መግለጫ አንድ ነው፦ «ይሄኛው ኤምባሲው ሌላ ነበር።»

ወእምዝ አቶ ምንያህል ታላቅ ቁጣ ተቆጥተው፣ በኮምፒውተር አስጽፈው፣ በሩ ላይ ያስለጠፉት ሕግ ቃሉ ይህ ነው፦

«ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም አትክልተኛ ተያዥ ሳይኖረው ወደዚህ ግቢ አይገባም። ተያዡም በአካባቢው ካርታ ያለው ቤት፣ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶ ያለው፣ ሠራተኛው ጥሎ ቢጠፋ ወይም ንብረት ቢያጎድል በሀብቱ የሚጠየቅ መሆን አለበት።»

ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ ከነፋስ በቀር ወደ በሩ የቀረበ አልነበረም። በስምንተኛው ቀን ከእንጦጦ ማርያም ወገን፣ ሂርጳ የሚባል፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ከማጎንበስ የተነሣ የጎበጠ ሰው፣ አሮጌ መቀስ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ሠላሳ ዓመት በጫካው ችግኝ ሲያፈላ ኖሮ በጡረታ የወጣ ነው። ካርታ ያለው ዘመድ አያት ውስጥ አለህን ቢባል የለኝም አለ፤ ስለዚህ እንደ ሕጉ አልገባም። ነገር ግን ወደ ቤቱም አልተመለሰም። ሦስት ቀን ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ፣ ከበሩ ሥር እጁን አሾልኮ አፈሩን እየቆነጠረ፣ እያሸተተ፣ አንድ ዐዋጅ ብቻ አወጀ፦ «ይሄ አፈር አልታመመም። ታፍኖ ነው።»

ሽማግሎቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ቀረ። ሕጉ እንደ ጸና፣ ሣሩም እንደ ደረቀ ነበር። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ዘውድነሽ ቁልፎቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው አወጁ፦

«አንተ ሰውዬ! ሽማግሌ የሚመጣው ለልጄ ነው ወይስ ለካርታህ? ካርታ ያለው ሰው ከፈለግህ አንተ አለህ አይደል እንዴ! ራስህ ፈርምለትና እንገላገል!»

አቶ ምንያህልም ሕጉን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ቀጣሪው ተያዥ መሆን አይችልም የሚል አንቀጽ አላገኙበትም። ስለዚህ በዚያ ማታ በታሪክ ያልታየ ደብዳቤ ተጻፈ። «ለአቶ ምንያህል» ይላል፤ «ከአቶ ምንያህል» ይላል። «ሂርጳ የተባለው ግለሰብ ታማኝና ጨዋ መሆኑን በሚገባ አውቃለሁ፤ በእርሱ ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ በቤቴና በሀብቴ ተያዥ ነኝ» ይላል። ክብሩ እንዳይጓደል ከመሥሪያ ቤት የመጣው ቲተርም አረፈበት። አንዱ ቅጂ ለፋይል፣ አንዱ ለሂርጳ ተሰጠ፤ ሂርጳም አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ሂርጳ ያደረገው ሁሉ ቢጻፍ ወረቀት አይበቃም። ጥቁሩን መረሬ ቆፍሮ አተነፈሰው፤ ከእንጦጦ በአህያ ቀይ አፈርና ፍግ አስመጥቶ ቀላቀለው፤ ሣሩን በጭብጥ በጭብጥ እያደረገ ተከለው፤ ውኃ በማይመጣበት ቀን ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ የተረፈውን እየለመነ አጠጣው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ምሳ ቢልኩለት በመጀመሪያ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ መቀሱን አጠበ፣ ከዚያ በላ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ግቢው አረንጓዴ ሆነ፤ ጎረቤቱም በአጥር ላይ አንገቱን አስረዘመ።

ድሉ የአቶ ምንያህል ነበርና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኮትኮቻውን ከጋዜጣው አወጡ፤ ሄለንም በስልኳ ፎቶ አነሣቻቸው። ከዚያም የተክሎቹን ስም ከበሩ ጀምሮ በተራ እንዲያስጠናቸው ሂርጳን አዘዙት። ሂርጳ አስጠናቸው፤ ሲጨርስም «ጌታዬ፣ ስለ ነገ አንድ ነገር...» ሲል ጀመረ። አልጨረሰም። ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ጀመረ፤ አልጨረሰም። በሦስተኛው ጊዜ አቶ ምንያህል ፊቱን ሳያዩ፣ ወደ ጽጌረዳው እንዳዩ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ነገ ክቡር እንግዳ አለብኝ። ነገ በዚህ በር ስትገባ እንዳላይህ! ገባህ?»

ሂርጳም ገባኝ ብሎ፣ በተሰረቀው ፋንታ የተገዛውን ጎማ ጠቅልሎ፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

እሑድ የካቲት ሃያ ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሽማግሎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ፊተኛው ፓስተር ሲሞን ናቸው፤ ሁለተኛው አቶ ፈዬራ፣ የልጁ የሥራ አለቃ ናቸው፤ ሦስተኛው ልጁን ያሳደጉት አጎቱ፣ እጅጌው የረዘመ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ከኋላ የሚከተሉ ነበሩ። አቶ ምንያህል የፓስተሩን እጅ ይዘው እንግዶቹን በግቢው ውስጥ አዞሯቸው፤ «በገዛ እጄ ነው» እያሉም ስሞቹን ጠሩ፦ ጽጌረዳ፣ አደስ፣ ጠጅ ሣር። በአራተኛው ላይ አፋቸው ተያዘ። «ይቺ ደግሞ... ይቺ...» ሲሉ፣ ከኮፍያው ሥር ቀስ ያለ ድምፅ «ኮሰረት» አለ። አቶ ምንያህልም ወደ ኋላ ሳይዞሩ «አዎ፣ ኮሰረት! ለእርሷ ነው የምሳሳው» አሉ።

ወደ ሳሎን በገቡም ጊዜ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ የሴቲቱ አባት በትልቁ ወንበር ተቀመጡ፤ ለማኞቹ ግን ቃል ሳይሰጣቸው አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ፓስተር ሲሞንም «ልጅዎን ሄለንን ለልጃችን ለገመቺስ እንዲሰጡን ነው የቆምነው» ብለው አወጁ። አቶ ምንያህል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድምፃቸውን እንደ ስብሰባ ቀን አድርገው፣ መልሱን አወጁ፦

«ልጁን እኔ አላውቀውም። ነገ ልጄን ጥሎ ቢጠፋ ማንን ልይዝ ነው? ተያዡ ማነው?»

«ያሳደጉት አጎቱ እዚህ አሉ» አሉ ፓስተሩ። «የእንጦጦን ደን ለሠላሳ ዓመት የመሩ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ናቸው።»

«በጣም ጥሩ። ለእርሳቸውስ ተያዥ ማነው?»

በዚህ ጊዜ ሦስተኛው ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከደረት ኪሳቸውም አራት የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉ። አቶ ምንያህል ተቀብለው አነበቡ። ለአቶ ምንያህል ይላል። ከአቶ ምንያህል ይላል። ታማኝና ጨዋ መሆኑን በሚገባ አውቃለሁ ይላል። ከዚያ ቀና ብለው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጀርባው በቀር አይተውት የማያውቁትን ሰው ፊት አዩ።

«ቤቱ ይህ መሆኑን ከልጁ የሰማሁት ዓርብ ማታ ነው፤ ቅዳሜ ልነግርዎት ነበር፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ሂርጳ።

ሄለን ስልኳን ደበቀች። ፓስተሩ ጣሪያውን አዩ። አቶ ፈዬራ ሄለን የላከችውን የመኮትኮቻውን ፎቶ ላላየ የባንክ ሰው ሁሉ በስልክ ልከው ስለ ነበር ጫማቸውን ተመለከቱ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ብቻ በባላቸው ትከሻ ላይ ወረቀቱን አንብበው ጨረሱና የዕለቱን የመጨረሻ ዐዋጅ አወጁ፦

«ታዲያ ምን ታየዋለህ? ፈርመሃል እኮ!»

ኦ ምንያህል፣ ጠርናፊ ዘአያት፣ ባለ ክብ ማኅተም፣ አፈሩን ሳይነኩ ምድርን ያለመለሙ፣ በአንድ ፊርማ አትክልተኛም አማችም ያገኙ፣ የሦስቱን ኤምባሲዎች ሠራዊት ድል የነሡ! ስማቸው ከብረት በሩ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ይመስገን፤ ካርታቸው አይታገድ፤ ቲተራቸው ቀለም አይጣ!

በዚያም ቅጽበት በእሑድ ቀን መጥቶ የማያውቅ ውኃ መጣ። ባፈና ቧንቧውን ከፍቶ ትቶት ነበርና፣ ጎማው በሣሩ ላይ እንደ እባብ ተነሥቶ አዲሱን አፈር ይቆፍረው ጀመር። አቶ ሂርጳ ይቅርታ ጠይቀው፣ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ረጅሙን እጅጌ ጠቅልለው ወጡ። በመስኮቱ ሲታዩ፣ ጎማውን አጥፈው ያዙ፤ ውኃውንም ወደ ኮሰረቷ ሥር በቀስታ መለሱት።

አቶ ምንያህልም ወረቀቱን እንደ ያዙ ከትልቁ ወንበር ተነሡ። አቶ ሂርጳ አጠጥተው ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው እስኪመለሱ ድረስ፣ በዚያ ቤት የተቀመጠ ሰው አልነበረም።