ሽማግሌ የላክሁበት ቤት ያጨሰው ባትሪ

ዛሬ መቱ ላይ የሆንኩትን ስነግራችሁ ግማሻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ግዴለም፣ ልንገራችሁ።

ከሞተ ላፕቶፕ ባትሪ እያወጣሁ መብራት የምሠራው ልጅ ነኝ አይደል? «ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ጥላችሁ አትሂዱ!» እያልኩ በየቪዲዮው የምጮኸው።

ዛሬ ጃርሳ ልኬ ነበር። ሽማግሌ። ላገባት የምፈልጋት ሌንሴ ቤት።

ሽማግሌ በሚገባበት ቀን መብራት እንዳይጠፋባቸው ብዬ ትናንት ለአባቷ ለጋሼ ደበላ ባትሪ ሠርቼ ወሰድኩ። አማች ለመሆን የማይደረግ አለ እንዴ? ሲሞላ ኃይሉን የሚቆርጠው ካርድ ግን ከአዲስ አበባ አልደረሰልኝም።

ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ ያለሱ ገጠምኩት!

ሲሚንቶ ላይ አድርጋችሁ ሙሉት ብያለሁ። አትለዩት ማለቱን ረሳሁት። እናቷ እትዬ አስቴር ደግሞ የልጁ ሥራ መሬት አይቀመጥም ብለው ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ዳንቴል ላይ አኖሩት። ለሌንሴ ትዳር በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ነው። ጠዋት ሰኩት፣ እንግዳ ሲመጣ ረሱት።

ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ሁሉም ቆመዋል። እኔ ማዶ ሻይ ቤት ጥፍሬን እበላለሁ። ከጎሬ የመጡት አጎቴ በኋላ እንደነገሩኝ፣ «ልጃችን ጥንቁቅ ነው» እያሉ ሳለ ባትሪው ማፏጨት ጀመረ።

ከዚያ ጭስ።

አጎቴ ከዘራቸውን ጥለው ሲወጡ ከማዶ አየኋቸው። እየሮጥኩ ስደርስ ሌንሴ ባትሪውን በአካፋ አውጥታ፣ ግቢው ውስጥ ያለው አሸዋ ውስጥ ቀብራዋለች። ከእኔ ቪዲዮ ነው የተማረችው። ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ዳንቴሉ ግን አለቀለት።

እትዬ አስቴር የተቃጠለውን ዳንቴል አንስተው አጣጠፉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፣ እውነት።

ጋሼ ደበላ ግን አልማሩኝም።

«ቪዲዮህን ልጄ አይታዋለች። አንተስ አይተኸዋል?»

ለሽማግሌዎቹም ቀጠሮ ሰጧቸው፤ ዳንቴሉ ሲተካ እንዲመለሱ። መብራት ከጠፋ ሻማ አለን አሉ።

ገዝቼ ልተካ አልኩ። ሌንሴ ሳቀችብኝ፤ እማዬ የእጅ ሥራ ከገበያ ትለያለች አለች።

ስለዚህ ኪሮሽና ክር ገዝቼ ቁጭ ብያለሁ። ይኼ እንኳን ቻርጅ አይፈልግም።

ወገን፣ እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ የመጀመሪያው ቋጠሮ እንዴት ነው የሚጀመረው?