ያልተቆጠረ በሬ አሟሟት

በአገራችን የማይጠየቅ ሞያ የለም። አናጢው የገጠመው በር አልዘጋ ካለ ባለቤቱ በሩን ነቅሎ ተሸክሞም ቢሆን ደጁ ድረስ ይሄድበታል። ልብስ ሰፊው እጅጌ ካሳጠረ፣ ያንኑ ልብስ ለብሰው ገበያ መሀል ይገተሩበታል፤ አላፊ አግዳሚው ይፍረድ ነው። መርጌታው እንኳ አበቅቴና መጥቅዕ ደምሮ ቀንሶ የጾሙን መግቢያ ሲያወጣ በአንድ ቀን ቢስት፣ ያገር ሰው ሁሉ ጾም ሲገድፍ ሊውል ነውና ኃጢአቱ በሳቸው አንገት ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ያሰላሉ። ደግሞም ልብ በሉልኝ፤ "መርጌታ፣ ዘንድሮ ፋሲካን ከዕቅድ በላይ አድርጉልን" ያለ አስተዳዳሪ እስካሁን አልሰማሁም።

የማይጠየቅ ሞያ የለም አልኩ እንዴ? አንድ አለ። የኔ።

እኔ የመንግሥት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ (የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ ነው) ከወረዳ የሚመጣውን ቁጥር እየተቀበልኩ ወደ ላይ ሳሳልፍ ጸጉሬ ሸበተ። ቁጥር እንደ በር ተነቅሎ ደጃችሁ አይመጣም። ቢሳሳት አያጥርም፣ አይቀደድም፣ አልዘጋም ብሎ አያዋርድም። ማኅተም ከተመታበት ደግሞ ያምርበታል። እንዲህ ባለ ሞያ ላይ ተቀምጦ ያልወፈረ ሰው ሆዱን የሚያየው ሐኪም ይፈልግ እላለሁ።

ከሁሉ የምኮራበት የከብት ቁጥር ነበር። እንዴት በሉኝ። የጎጃም ገበሬ ከብቱን አይቆጥርም። ማለቴ ያውቃል፤ ያውም ከነጥጃው! ግን በአፉ አይጠራም። ዓይን አለ፣ ግብር አለ፣ "ለምን ጠየቀኝ?" የሚል ነገር አለ። ዳዊት ሕዝቡን ስለ ቆጠረ መቅሠፍት እንደ ወረደ ደግሞ ከቄሱ ሰምቷል። ስለዚህ "ስንት ከብት አለህ?" ሲሉት ግማሹን ይናገራል፤ እሱንም በስንት መከራ። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ይበልጣል (ስሙ ነው፤ እኔ አላወጣሁለትም) ራሱ ገበሬ ነውና ይህን ያውቃል። የተደበቀውን ለመመለስ አንድ ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ ከጎረቤት ቀበሌ አንሶ እንዳይታይ ያንኑ እንደገና እጥፍ ያደርገዋል። ወረዳው ሳያየው ማኅተም መትቶ ይልክልኛል። እኔ ደግሞ ይበልጣልን አውቀዋለሁ። እስክሪብቶዬን አነሣና ለሁለት አካፍላለሁ።

አያችሁ? እውነቱ ላይ ዐረፍን! ገበሬው ዋሽቶ፣ ይበልጣል ዋሽቶ፣ እኔ አስታርቄ። የዚህ ሥራ ስም "የሞያ ማስተካከያ" ይባላል። ያወጣሁለትም እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም፤ በየዓመቱም ለከብቱ የሚላከው መድኃኒት አልተረፈም አልጎደለም። እንዲህ እያልን በሰላም ስንኖር ወይንሸት መጣች።

ወይንሸት ወረዳው የቀጠራት አዲስ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እግሯ ላይ ሁልጊዜ ጭቃ ያለባት ልጅ። እስዋ ገበሬውን "ስንት ከብት አለህ?" ብላ አልጠየቀችም። "የበሬህ ስም ማን ነው?" ብላ ነው የጠየቀችው። እንግዲህ ስለ በሬው ስም ተጠይቆ ዝም የሚል ገበሬ ገና አልተወለደም። "ቦራ ነዋ! ያችን ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ አታይም? አባቱን ብታውቂው!" ብሎ ይጀምርና እናቲቱን፣ እኅቲቱን፣ ትናንት የተወለደችዋን ሳይቀር ዘርዝሮላት ነው የሚያበቃው። እስዋም በትልቅ መዝገብ ላይ አንድ በአንድ በስማቸው ጻፈች። ባለቤቱን አስፈረመች። በየገጹ ግርጌ ደግሞ ይበልጣልን አስፈረመች። ይበልጣል እንደ ልማዱ እጁን ሊያስገባ ቢያስብ፣ በሬ ፈጥሮ፣ ስም አውጥቶለት፣ ባለቤት ሊፈልግለት ነው። ደከመውና ተወው።

ስለዚህ በዚያ ዓመት እውነተኛው ቁጥር እንዳለ ወደኔ መጣ። "ይህ ቁጥር በስም የተቆጠረ ነው" የሚል ደብዳቤም ነበረው። አላነበብኩትም። የይበልጣል ቀበሌ መሆኑን አየሁ፣ እስክሪብቶዬን አነሣሁ፣ ለሁለት አካፈልኩ፣ ፈረምኩ፣ ምሳ ሄድኩ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አባ ሰንጋ ጎረቤት ቀበሌ ገባ። ይህ በሽታ ጠዋት ሲግጥ ያያችሁትን በሬ ማታ ወድቆ የምታገኙት ዓይነት ነው። ክትባት በጥድፊያ ታዘዘ፤ ለየቀበሌው የተላከውም በቁጥሩ ልክ ነው። በኔ ቁጥር ልክ። እኔም "ክትትልና ድጋፍ" በሚል ስም ወደ ይበልጣል ቀበሌ ተላክሁ። ክትትሉ እኔ ነኝ፤ ድጋፉ ደግሞ ከጽዱ ሥር የተሰጠኝ ባለመደገፊያ ወንበር ነው።

ያገሩ ከብት ተሰልፏል። ከመሀል ሁለት በሬዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ቦራ ነው፣ የአለኸኝ። ሁለተኛው ዳልቻ ነው፣ የእትዬ ጠጄ። እትዬ ጠጄ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሥልሳን ያለፉ ሴት ናቸው። አለኸኝ ጎረቤታቸው ነው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ አቀናጅተው ያርሳሉ፤ ዛሬ የሳቸውን፣ ነገ የሱን። መቀናጆ እንላለን። አንዱ በሬ ከሌለ የሁለቱም ማሳ ጦም ያድራል ማለት ነው።

የከብት ሐኪሙ ቦራን ወጋው። ቀጥሎ እጁን ወደ በረዶ ሳጥኑ ሰደደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ክዳኑን ገጠመ።

"አለቀ" አለ።

"ምኑ?" አሉ እትዬ ጠጄ።

"ክትባቱ፣ እናቴ።"

"እንዴት ያልቃል? አንድ ቀንበር እኮ ናቸው! አንዱን ወግቶ አንዱን መተው ምን የሚሉት ነው?"

አለኸኝ መርፌው የገባበትን የቦራን አንገት ይዞ ቆሟል። "እትዬ፣ በማርያም፣ የኔ ይውጣልዎት ብል አይወጣም!" አለ። ከዳልቻ ኋላ ያለው ሰልፍ ጉብታውን ዞሮ ጫፉ አይታይም።

ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ወደ ይበልጣል ዞረ። ይበልጣል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። "በቁርባኔ! ዘንድሮ አልነካሁም!" በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ፣ ማንም አላመነውም። ወይንሸት መዝገቧን ገልጣ ፊርማውን አሳየችለት። ቀጥሎ ሐኪሙ ክትባት ያወጣበትን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ከሥሩ የማን ፊርማ እንዳለ ልንገራችሁ? በድፍን ማርቆስ የሚታወቅ ቆንጆ ፊርማ ነው፤ ጭራው ይጠመዘዛል።

ወይንሸት ወደ ወንበሬ መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ግማሹን የቀነሱት እርስዎ ነዎት?"

"ተስተካክሎ ነው" አልኩ። አላስተካከልኩትም፤ ተስተካክሎ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ነገር ሁሉ ራሱን በራሱ ነው የሚሠራው።

"ማስተካከያ የሚሉት የክትባቱን ስም ነው?" አሉ እትዬ ጠጄ ከኋላዋ። "ካለ ለዳልቻም ያድርጉለታ።"

ወይንሸት መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፣ እስክሪብቶዋንም ሰጠችኝ። "እንግዲያው ግማሹን ሲቀንሱ የትኞቹን እንደሆነ ምልክት ያድርጉልኝ። የተቀነሱትን ይዘው ይሂዱ እንድላቸው ነው፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል።"

አየሁት። ቡሬ። ቦራ። ሻሼ ላም፣ ሁለተኛ ወላድ። ዳልቻ። ስም ያልወጣላት ጥጃ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳካፍል አንድም ቀን የቀነስኩት ነገር ቀንድ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መዝገቡን መልሼላት ስልኬን ይዤ ከጽዱ ሥር ወጣሁ፤ ለማን ለማን እንዳልደወልኩ።

ተጨማሪ ክትባት በአምስተኛው ቀን መጣ። ዳልቻ በሦስተኛው ቀን ሞቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይገፈፍ፤ አለኸኝና ጎረቤቶቹ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ሌላው ከብት ተረፈ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አዝኜ፣ ተክዤ፣ ወደ ልማዴ እመለስ ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ግን ከብት ለሞተበት ገበሬ ምትክ የሚሰጥ ደንብ ነበርና ወይንሸት የዳልቻን ሞት ጽፋ ላከችልኝ። ይዤው ወደ አለቃዬ ገባሁ። አለቃዬ መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሪፖርት ይወዳሉ።

"ይህ በሬ ተከትቧል?"

"አልተከተበም።"

"እንዴት ይሆናል? የዚያ ቀበሌ ከብት መቶ በመቶ ተከትቧል ብለን ወደ ላይ ልከናል እኮ።" ያንኑ የኔን ወረቀት አወጡ። እውነትም ነው፤ የቆጠርነው ሁሉ ተከትቧል። "አየህ፣ ዳልቻ የሚባል በሬ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ያልነበረ በሬ ደግሞ አይሞትም። ተወው፣ ምን አጨቃጨቀህ?"

"ነበረ እኮ፣ ጌታዬ። አይቼዋለሁ።"

"የነበረ ከሆነማ ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ፊርማው ያንተ ነው። እንዲያ ብለህ ጽፈህ ፈርመህ አምጣ፣ እናስገባዋለን።"

መንገዱ ይኸው ብቻ ነበር። ዳልቻ ሞተ እንዲባል መጀመሪያ ኖረ መባል አለበት፤ ኖረ እንዲባል ደግሞ እኔ "ማንም ሳያዘኝ የቀነስኩት እኔ ነኝ" ብዬ መጻፍ አለብኝ። አለበለዚያ እትዬ ጠጄ ምንም አልሞተባቸውም። ደፍሬ ወዲያው የጻፍኩ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ቀን ጡረታዬን ሳሰላ ሰነበትኩ። እሱን ስሌት እንኳ ለሁለት አላካፈልኩትም። ወይንሸት ግን በቀን ሦስቴ ትደውላለች። ሰላምታ ታስቀድማለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ከዚያ "ጋሼ፣ ዳልቻ ሞተ ወይስ አልሞተም?" ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ጻፍኩ። ፊርማዬን ጭራውን ሳልጠመዝዝ ፈረምኩ።

ተቀጣሁ ወይ? አዎን፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ቁጥር ቀነስክ የሚል እንዳይመስላችሁ፤ ስለሱ አንድ ቃል የለበትም። "ሪፖርት ከተላለፈ በኋላ ከዕቅድ ውጭ የሆነ ሞት በማስመዝገብ" ይላል። የእትዬ ጠጄ ስም ምትክ ከሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ገባ። በሬው "በሂደት ላይ" ነው ተባለ።

ዝናቡ ግን በሂደት ላይ አይደለም፤ መጥቷል። አማኑኤል አጠገብ ወንድሜ እያረሰበት ድርሻዬን የምበላበት አንድ በሬ ነበረኝ፤ የማንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ እግዜርና ወንድሜ ብቻ የሚያውቁት። በአይሱዙ አስጭኜ ወሰድኩላቸው። ምትኩ እስኪመጣ ይረሱበት፣ ካልመጣም ይቅር አልኩ።

እትዬ ጠጄ በሬውን ዞረው ዞረው አዩት። ጎኑን ዳሰሱት።

"ዕድሜው ስንት ነው?" አሉኝ።

"አምስት" አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ!

አፉን ፈልቅቀው ጥርሱን አዩ፣ ቆይተው ለቀቁትና ወደኔ ዞሩ። አለኸኝ ከኋላቸው ቀንበሩን ተደግፎ በሳቅ ይንፈቀፈቃል።

"አምስት?"

"አሥር" አልኩ።

"እህ! አሥር ሲሆን አሥር በለኝ፣ ልጄ" አሉ ቀንበሩን እንዲያመጣ አለኸኝን እየጠቀሱት። "ለአሥር ዓመት በሬ እኮ እያሳረፍኩ አርስበታለሁ። አምስት ብለኸኝ እንደ ወይፈን ብነዳው፣ እሱንም ልትገድልብኝ ነበር።"